ቆጥሮ የሚተፋው ዓሣ

ሰውዬው ዓሣ ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ ለሚከፈተው የሕፃናት መንፈሳዊ ካምፕ ባሕር ተሻግረን ከመጣነው በጎ ፈቃደኞች መካከል፣ በድራማው ላይ ነቢዩን የሚውጠው ዓሣ እሳቸው ናቸው። ስድሳን አልፈዋል። ከአሮጌ ድንኳን የተሰፋውን ልብስ ጠዋት ካጠለቁ ምሳ ላይም አያወልቁትም። አራት ሜትሩን ሆድ ጠቅልለው በብብታቸው ሸጉጠው ለሾርባ ይሰለፋሉ። ወገባቸው ላይ ምንም የማይከፍት የቁልፍ ዘለላ ይንሿሿል።

ስለ ቀድሞ ሥራቸው ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሆድ ይፍጀው።»

ልጆቹ በዓሣው አፍ ድኸው ይገባሉ፣ ዘምረው ይወጣሉ። እሳቸው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ «ሰባት ገባ! ሰባት ወጣ!» ቁጥሩ ካልሞላ ድራማ የለም።

ትናንት አንዲት ልጅ የዓሣው ሆድ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ስድስት ብቻ ወጡ። ዓሣው ባትሪ ይዘው በገዛ አፋቸው ገብተው የገዛ ሆዳቸውን በረበሩ። ካምፑ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷን አቅፈው ሲወጡ ግን እንባቸውን በጅራታቸው እየጠረጉ ነበር።

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው! ምን እንዲህ አስጨነቀዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የእስር ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ» አሉኝ። «ስንት እንደገባ በየቀኑ ይጠይቁኝ ነበር። ስንት ወጣ ያለኝ ግን አንድ ሰው አልነበረም።»