ማንም ያልተቀመጠበት ኮምፒዩተር

ዛሬ ጠዋት ልጄ የኢንተርኔቱን ሳጥን ስታጸዳ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ደሜ እንደገና ፈላ። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፤ ሽታው ግን የኤርትራ ነጻነት በመጣ ሰሞን አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር፣ ተቀጥሬበት ወደነበረው የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ይዞኝ ይሄዳል።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከወሎ መጥቶ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ ሻሂ ቤት የከፈተው አባቴ ለደንበኞቹ ሁሉ «ልጄ ኮምፒዩተር ትሠራለች» እያለ ደረቱን ይነፋል። እኔ ግን ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ፤ በቋሚነት የምቀጠረው የፎቁንና የምድር ቤቱን ኮምፒዩተሮች ካገናኘሁ ብቻ። በየራሳቸው ኔትወርክ የታጠሩ ስለነበሩ አይተያዩም፤ የተማሪ ውጤት በዲስኬት ይዤ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ አለቀ። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለስክሪን ከደረጃው ሥር አስቀምጬ፣ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰካሁበትና አንዱን ገመድ ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ዘረጋሁ፤ ከወዲህ የተላከውን ወዲያ እንዲያሻግር። ፎቅ የምትሠራው ጓደኛዬ አብረሀት ከላይ አጎንብሳ «መጺኡ! መጣ!» ብላ ስትጮህ፣ ወላሂ፣ ያን ደስታ በሠርጌ ቀንም አላገኘሁትም።

ከምሳ ስንመለስ ግን ተቋርጧል። ኮምፒዩተሩ በርቶ ያጓራል፤ ማሻገሪያውን ፕሮግራም በእጄ እንደገና ሳስጀምረው ይሠራል፣ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ደግሞ ድርግም። ካርድ ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተቃጠልኩ በኋላ ኃላፊያችን አይተ ክፍሎም በሰው ፊት «የማይታመን ሥራ ነው» ብሎ የስንብት ደብዳቤ ሰጠኝ።

የምሳ ሰዓት ነበር። ዕቃዬን ይዤ ስወጣ እሱ እንደ ልማዱ በየክፍሉ እየዞረ መብራት ያጠፋል፤ ከደረጃው ሥር ጎንበስ አለና የኔን ኮምፒዩተር ቀጭ አደረገው።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ማንም አልተቀመጠበትም፣ ጓለይ፣ ልጄ፤ ለምን መብራት ይበላል? ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ፣ ስመለስ አበራዋለሁ» አለኝ፣ ጭራሽ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

አስረዳሁት፤ ሲጠፋ ማሻገሪያው አብሮ እንደሚቆም፣ ሲበራም በራሱ እንደማይነሣ። ገብቶታል፤ ፊቱ ሲቀላ አይቻለሁ። ጉሮሮውን ጠራርጎ ያለኝ ግን «በቃ፣ ደብዳቤው ተፈርሟል» ብቻ ነው። ተፈርሟል! ብዕሩ እኮ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር!

ዲስኬት ይዞ ደረጃ መውጣት መውረዱ ለአብረሀት ተረፈ። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፣ አመነኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ሻሂ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ፣ ለደንበኞቹ ስለኔ አንዲት ቃል ሲያወራ አልሰማሁም።