የሐረግ አንዲት ካሴት

ሐረግ አድማሴ ስትናገር ሰው ጎንበስ ይላል። ድምፅዋ እንደ ደረቅ ገለባ ይንኮሻኮሻል እንጂ ከአንድ ክንድ በላይ አይሄድም። ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ከተቀጠረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ባለጉዳዩ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «ምን አሉኝ?» ይላል፤ ደግማ ትነግረዋለች። አሁንም ካልሰማ በቁራጭ ወረቀት ትጽፍለታለች። እንግዳ የሆነ ሰው የፋይሉ አቧራ ጉሮሮዋን የዘጋው ይመስለዋል። «አዎ፣ አቧራው ነው» ትላለች እሷም። ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይደክማታል።

የማይደክማት ነገር ጥቂት ነው። ጠዋት ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ቦታ ቆማ ታርፋለች። ቤት እናቷ እማሆይ ፈንታዬ አሉ፤ ሰማንያን አልፈዋል፣ አልጋ ላይ ከዋሉም ሁለት ክረምት አልፏል። ማጉረሱ፣ ማገላበጡ፣ ማጠቡ ሁሉ በሐረግ ጫንቃ ላይ ነው። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካልሆነ በቀር ቁጭ ብላ የምትውልበት ቀን የላትም።

ይህች ሴት በ1996 ዓ.ም. ደሴ ላይ አንድ ካሴት አውጥታ ነበር። «ወለቃ ማዶ» ይባላል። ስምንት ዘፈን ነው፤ የስምንቱንም ግጥምና ዜማ የሠራችው ራሷ ናት። ልባሱ ላይ «ሐረግ የቦረናዋ» ተብሎ ተጽፏል፤ ፎቶው ላይ አንገቷን በነጠላ የጠቀለለች ቀጭን ልጅ ወደ ጎን ታያለች።

ካሴት የሚባለው ነገር ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። «ወለቃ ማዶ» ግን አልጠፋም። ወደ ሲዲ ተገለበጠ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ከመሳፈራቸው በፊት ሞባይል ቤት ጎራ ብለው ያስጭኑታል። ሙሽሮች ተቃቅፈው ይወዛወዙበታል። ከእሱ ወዲህ ስንት የጠራ ቀረፃ፣ ስንት ስመ ጥር ዘፋኝ መጥቶ ሄዷል። አንድ የደሴ መስመር ሾፌር ለምን ሁልጊዜ ይህንኑ እንደሚከፍት ተሳፋሪ ሲጠይቀው «መንገዱ ሲያንገላታኝ ሌላው ዘፈን ይጮህብኛል፤ ይሄ ግን አብሮኝ ይደክማል» ብሎ መለሰ። ሐረግ ከኋላው ተቀምጣ ነበር።

በዚያው ጉዞ ተሳፋሪው ስለ ዘፋኟ ተከራከረ። አንዷ መንኩሳለች አለች፤ ሌላው ቤሩት ገብታ ቀርታለች አለ። ከኋላ ወንበር ያለ ጎልማሳ ግን ከሞተች ቆየች፣ መቃብሯንም በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ሚኒባሱ በሙሉ «ነፍስ ይማር» ሲል ሐረግም አብራ ነፍስ ይማር አለች። ከወሬዎቹ ሁሉ ለእሷ የቀለላት ሞተች የሚለው ነበር። ትልልቆቹ የመካነ ሰላም ሰዎች ማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ካሳም ያውቃሉ። ነገር ግን የማትወደውን አያነሱባትም።

ሰው ሁሉ የፍቅር ዘፈን አድርጎ የያዘው የካሴቱ መጠሪያ ዘፈን የፍቅር አልነበረም። ሐረግ ታላቅ እህት ነበረቻት፤ ብርሀንነሽ ትባላለች። ከወለቃ ማዶ ተድራ በ1989 ነሐሴ ላይ በምጥ ተያዘች። ሁለት ቀን ካማጠች በኋላ መልእክት መጣ። ሐረግ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር በጭቃ ሲወርዱ ውለው ወንዙ ዳር ቢደርሱ ወለቃ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። በወዲያኛው ዳር ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል። እጃቸውን እያወዛወዙ ተመለሱ ይላሉ። እናቷ ምልክቱ ገባቸውና ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ብርሀንነሽ እነሱ ሳይደርሱ ሞተች፣ ሳይደርሱ ተቀበረች። ውሃው የጎደለው በመስቀል ነው።

ግጥሙን ሐረግ የጻፈችው በዚያው ዓመት፣ በትምህርት ቤት ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ከዓመታት በኋላ ክራር የሚያስተምራት መምህር አሕመድኑር ዘፈኖቿን ሰምቶ ደሴ ወሰዳት። የቀረፃ ቤቱ ባለቤት ሰባቱን ዘፈን ወደደው፤ ወለቃ ላይ ሲደርስ ግን እጁን አነሳ።

«ዜማው ግሩም ነው። የእህት ለቅሶ ግን ማን ይገዛል? ወዳጅ በይው።»

ሐረግ ወደ መምህሯ ዞረች። አሕመድኑር የክራሩን ጅማት ነካካ። «እሺ በይ ልጄ» አላት በመጨረሻ። «ካሴቱ ይውጣ እንጂ ሌላ ጊዜ እንደፈለግሽ ታስተካክዪዋለሽ።»

እሺ አለች። ካሴቱ ላይ ያለው እንዲህ የሚለው ነው፦

ወለቃ ሞልቷል ብለው መለሱኝ ከደጅ፣
ውሃውስ ይጎድላል መች ይጎድላል ወዳጅ።

ሌላ ጊዜ የተባለው ሳይመጣ ቀረ። ለሁለተኛው ካሴት አሥራ አንድ ዘፈን አዘጋጅታ ሳለች፣ በነጠላ ትሸፍነው የነበረው እንቅርት ትንፋሽ እስኪያሳጥራት አደገ። ሐኪሙ የድምፅ ጅማት ቅርብ ስለሆነ ሊነካ እንደሚችል አስቀድሞ ነገራት። ወይ መተንፈስ ወይ መዝፈን ሆነባትና ፈረመች። እንቅርቱ ወጣ፤ ድምፅዋ ግን አብሮ ሄደ። ዓመት ጠበቀች። ማርም፣ ተልባም፣ ጠበልም ሞከረች። ከዚያ መጠበቁም ደከማትና መዝገብ ቤት ገባች።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ ሰኞ ቀን፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ጥቁር ሒጃብ የለበሰች ሴት መስኮቱ ላይ መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ። የአባቴን የመሬት ማኅደር ፈልጌ ነበር። አህመዲን ይማም ይባላሉ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ከየት ቀበሌ?»

«ከወለቃ ማዶ ነን።»

ሐረግ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ስትፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ማኅደሩን አግኝታ ስትመለስ ሴትዮዋ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች፤ የእሷም ፊት ከሩቅ የመጣ ሰው ፊት ነው። ሐረግ ገለጥ አድርጋ የወራሾቹን ስም አነበበች። በዛች አህመዲን፣ ስመኝ አህመዲን።

«አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«በዛች ነኝ።»

«ስመኝም መምጣት አለባት። ሁለታችሁ ካልፈረማችሁ ስሙ አይዞርም።»

«እሷ አትመጣም።»

«ዐረብ አገር ከሆነች ውክልና ትላክ።»

«ዐረብ አገር ናት፤ አፈር ለብሳ» አለች በዛች።

ሐረግ ማኅደሩን ዘጋችና «አላህ ይዘንላት» አለች። ወዲያው የበዛች ስልክ ጮኸ። የጥሪው ድምፅ «ወለቃ ማዶ» ነበር። በዛች ቶሎ አላነሳችውም፤ ሐረግም ማኅደሩ ላይ እጇን እንዳስቀመጠች ቆመች። ከመስኮቱ ወዲህና ወዲያ ሁለቱም ዘፈኑን ሰሙት። ጥሪው አብቅቶ ዝም አለ።

«ይቅርታ እትዬ። ሰው ቀይሪው ይለኛል።»

«ለምን አትቀይሪውም?»

ሌላ ባለጉዳይ አልነበረም። በዛች ክርኗን መስኮቱ ላይ አሳረፈችና ነገረቻት። እሷ ሳዑዲ ውስጥ ደማም ከተማ፣ ታናሿ ስመኝ ጅዳ ነበሩ። ስድስት ዓመት አንድ አገር እየኖሩ በስልክ እንጂ በአካል አልተገናኙም። ስመኝ ሆስፒታል ገባች ሲሏት አሠሪዋን ልሂድ ብላ ለመነች። ማዳሟ ፓስፖርቱን አልሰጥም፣ ረመዳን ሳያልቅ ንቅንቅ የለም አለቻት። በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። እዚያው ተቀበረች።

«ልብስ እየተኮስኩ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ይሄንን እሰማ ነበር። ሌላ ዘፈን መስማት አልቻልኩም። ሰው የፍቅር ነው ይላል፤ እኔ ግን የእህት ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ዘፋኟ ወዳጅ የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰናከላል፤ ልብ ብለው ሰምተውት ያውቃሉ? ሌላ ቃል ልትል የነበረች ነው የምትመስለው።»

ሐረግ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘፈኑን ሲወድዱት ሰምታለች፣ ሲያለቅሱበት አይታለች፤ ያቺን መሰናከል ያነሳ ሰው ግን አልገጠማትም።

«እህት ነበር» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ቃሉ። እህት ነበር።»

በዛች አሁንም አልሰማቻትም፤ ጆሮዋን በመስኮቱ አስጠጋች። ሐረግ ቁራጭ ወረቀት ስባ ጻፈችላት፦

ወለቃ ሞልቷል ብለው መለሱኝ በክረምት፣
ውሃውስ ይጎድላል መች ትገኛለች እህት።

በዛች አነበበች። ቀና ብላ ሐረግን አየች፣ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች፣ ተመልሳ ወረቀቱን አየች።

«እርስዎ ነዎት» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ።»

«ሞተች ይላሉ እኮ።»

«ይበሉ። ምን ያደርጋል ብለሽ ነው።»

በዛች ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እንባዋ ወርዶ ነበር፤ በሒጃቧ ጫፍ ጠረገችው። ብዙ የምትጠይቃት ያላት ትመስል ነበር፤ አንዱን ብቻ ጠየቀች። «ለሰው ብናገር ይከፋዎታል?»

ሐረግ አሰበች። «ተዪው እናቴ። ወዳጁ የተለየው ሰውስ ምን በደለ? እሱም የራሱን ያልቅስበት።»

የበዛች ጉዳይ ሁለት ወር ወሰደ። ከጅዳ የመጣው ወረቀት ተተረጎመ፣ የአገር ሽማግሌዎች መስክረው ስሙ ዞረ። በመጣች ቁጥር ከመስኮቱ ይልቅ በበሩ ገብታ ትንሽ ትቀመጥ ጀመር፤ ሐረግም የብርሀንነሽን ነገር ነገረቻት። ጥር ላይ ወረቀቷን ጨርሳ ልትሰናበት ስትመጣ «ማዶ እንሂድ» አለቻት። «አሁን እኮ ድልድይ አለ።»

«እናቴን ለማን ትቼ? ጉልበቴስ?»

«በመኪና ነው። ለአንድ ቀን ጎረቤት ትጠብቃቸው።»

ሐረግ እምቢ አለች። በሳምንቱ በዛች ደወለችላት፤ ያኔም እምቢ አለች። ሦስተኛ ስትደውል ግን መከራከሩ ከመሄዱ ይልቅ ደከማትና ጎረቤቷን አልታዬን እማሆይ ዘንድ አስቀምጣ ቅዳሜ ማለዳ ከበዛች ጋር ተሳፈረች።

ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ አቧራው በመስኮት ይገባል። ወለቃ በበጋ ጠጠሩን አሳይቶ በስሱ ይወርዳል። መኪናዋ ድልድዩ ላይ ወጣች፣ ተንገጫገጨች፣ ወረደች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ሐረግ ወደ ኋላ ዞራ አየችው። «ይሄው ነው?» አለች፤ ድምፅዋን የሰማው አልነበረም።

ብርሀንነሽ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አባ ኪዳነማርያም ያስታውሷት ነበር፤ መቃብሯን በትክክል ግን አላወቁትም። ከአንድ ጽድ አጠገብ ወደተከመሩ ድንጋዮች በመቋሚያቸው አመለከቱ። «ከእነዚህ አንዱ ነው ልጄ። ያኔ ዝናብ ነበር፤ ምልክት አላደረግንም። ኋላም ሌላ ተቀበረበት።»

ሐረግ ከክምሮቹ መሐል መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አባ ፍትሐት ሲያደርሱ ሰማች። በዛች ከአጥሩ ውጭ ቆማ መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች፤ ለሁለቱም ሟቾች ይሁን ለአንዷ ሐረግ አልጠየቀቻትም። ሐረግ ሳለቅስ እውላለሁ ብላ ፈርታ ነበር። አላለቀሰችም። ፀሐዩ ጀርባዋን አሞቃት፣ ድካሙ በአንዴ ሰውነቷ ላይ ወረደና ለብዙ ጊዜ መነሣት አቃታት። ያነሣቻት በዛች ናት። ሲመለሱ ሐረግ መንገዱን ሙሉ በበዛች ትከሻ ላይ ተኝታ መጣች።

ቤት የደረሰችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አልታዬን አመስግና ሸኘች፣ ፊቷን ታጠበች፣ የእናቷን አጥሚት በሣህን ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። እማሆይ ፈንታዬ ነገር ከጠፋባቸው ቆይቷል፤ አንዳንድ ቀን ግን ይጠይቃሉ።

«የት ዋልሽ?»

ሐረግ ጆሯቸው ሥር ተጠጋች። «ብርሀንነሽ ጋ።»

«ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት» አለች ሐረግ፤ አጥሚቱን እፍ ብላ አቀዘቀዘችና አጠጣቻቸው።