የጥብስ ቅጠል ዘመድ

እሁድ ከሰዓት... ሶፋ ላይ በሁለት ሽማግሌዎች መሃል ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ ጠረጴዛ፣ ከኋላዬ ግድግዳ፣ አፌ ውስጥ ሳሙና ሳሙና የሚል ጥብስ። መዋጥ አቃተኝ። መትፋት ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምኖረው ዲላ ነው፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዓምና አንዲት ጓደኛዬ ከሐዋሳ የላቬንደር ችግኝ አመጣችልኝ። ሐምራዊ አበባ ያላት፣ ሽታዋ ልብ የሚያሳርፍ ተክል ናት። ሥሯ ላይ ውኃ ሲቋጥር አትወድም፣ የዲላን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ... የዘይት ጃሪካን ቆርጬ፣ ታቹን በሚስማር ቀዳድጄ፣ ግማሹን አሸዋ ሞልቼ ተከልኳት። ዝናብ በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ በረንዳ አስገባታለሁ። ለሻይ ሁለት አበባ ስቆርጥ እንኳ እየሳሳሁ ነው።

አከራዬ እትዬ ጽጌ ግን ዓይኗን ማየት አልወደዱም። የሳቸው ጓሮ ከዳር እስከ ዳር እንሰትና ጎመን ነው። አንድ ቀን ጃሪካኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉና፦

«ቲቸር፣ ይሄ የማይበላ ነገር እዚህ ምን ይሠራል? ንብ ሰበሰበብን እኮ። አውጪልኝ።»

ደነገጥኩ። «ኧረ ትበላለች እትዬ! የጥብስ ቅጠል ዘመድ ናት!»

አልዋሸሁም፤ በሳይንሱ ሁለቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው። እትዬ ጽጌ «እንዲህ ነው?» ብለው ሄዱ። ለማንኛውም ብዬ ሌላ ቤት ማፈላለግ ጀመርኩ።

እሁድ ታዲያ የእትዬ ጽጌን ልጅ መሠረትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከሙሽራው ከተማ ከጨለለቅቱ በሞተር መጡ። መሠረት ይህን ቀን ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። እኔም «ቲቸር ቤተሰብ ናት» ተብዬ መሃል ተቀመጥኩ። ቆጮ በጥብስ ቀረበ። ሽታው ሲደርሰኝ በመስኮት ወደ ጃሪካኔ አየሁ... ተላጭታለች! ከአንዲት ቅርንጫፍ በቀር ባዶ ግንድ ነው የቀረው።

ትልቁ ሽማግሌ ጎረሱ። ማኘካቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ... ቆመ። ለጓደኛቸው በጌዴኡፋ አንሾካሾኩ። ቋንቋው ገና አልገባኝም፣ «ሳሙና» የምትለዋ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

መሠረት ማስታጠቢያ እንደያዘች በር ላይ ደርቃ ቀረች። ሥጋ በሳሙና የሚያጥቡ ሰዎች ተብሎ ጨለለቅቱ ከተወራ አለቀላት። ልናገር አሰብኩ... እትዬ ጽጌን በእንግዳ ፊት ማሳፈር ሆነብኝ። ዝም ልበል አልኩ... የመሠረት ፊት አላስቻለኝም።

ይሄኔ እትዬ ጽጌ «ቲቸር እኮ ምንም አልበላችም!» ብለው ቡጢ የሚያክል ጉርሻ ይዘው መጡ። አንዱን ሳልውጥ ሁለተኛው ተጨመረ። መናገር ብፈልግስ በየት በኩል? እንባዬ መጣ።

«ለመሆኑ ይሄ ጥብስ ምን ገብቶበታል?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«የቲቸር ተክል ነው። የጥብስ ቅጠል ዘመድ!» አሉ እትዬ ጽጌ ኮራ ብለው።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እንደምንም ዋጥኩ።

«አባባ፣ ሳሙና አይደለም፤ አበባ ነው። ትበላለች አልኩ እንጂ ስንት እንደሚበቃ አልነገርኳቸውም። ለአንድ ድስት ቁንጥር ነበር የሚበቃው... ጥፋቱ የእኔ ነው። እትዬ ጽጌ እጃቸውም ቤታቸውም ንጹሕ ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ አፋቸውን ጠረግ አድርገው፦

«እኛ ልንዛመድ መጣን... እናንተ ዘመድ ጠብሳችሁ አበላችሁን?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሠረት ስትስቅ ውኃውን እግሯ ላይ ደፋችው። ሳይመሽ ነገሩ አለቀ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ትናንት ጠዋት በሬን ስከፍት እትዬ ጽጌ ሦስት የተቆረጡ ጃሪካኖች ደርድረው ቆመዋል። ታቻቸው ሳይቀር ተቀዳዷል።

«ሽማግሌው በሠርጉ ያቺ ዘመዳችን እንዳትቀር ብለዋል። ከተረፈችው ቆርጠሽ ትከዪ። ጥብሱንም አንቺ ነሽ የምትሠሪው... በልኩ!»

ሌላ ቤት እንዳገኘሁ ልነግራቸው ነበር የወጣሁት... አሁን ዘመድ ጥዬ የት ልሂድ?