ለሦስት አዛውንት የተቆለፈው ላፕቶፕ

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለው ደብራችን ቢሮ ተቀምጠው የመምህራቸውን ቅኔዎች በአንዲት ጣት ሲተይቡ እያየሁ ነው ያደግሁት። እኔ ከአጸደ ሕፃናት ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ እሳቸው ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ረጅሙ መወድስ ደረሱ። ቅኔዎቹ ያሉት በደብሩ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። የይለፍ ቃል ስላለው አባቴ ይመኩበታል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ እየከነፍሁ መጣሁ።

«አባዬ፣ የይለፍ ቃልዎን ሳልነካ ቅኔዎን ላንብብልዎ?»

«ምነው፣ ጠንቋይ ሆንሽ?»

ፍላሽ ሰካሁና ላፕቶፑን አስነሣሁት። ኮምፒውተር ገና ሲነሣ፣ የይለፍ ቃል የሚባለው ዘበኛ ሳይነቃ፣ ከየት ልነሣ ብሎ ያማትራል። የእኛው የዋህ መጀመሪያ ያገኘውን ፍላሽ ተከተለና የአባቴን ቅኔ ወለል አድርጎ አሳየን። አባቴ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«እና ማንም መንገደኛ ገብቶ ቅኔውን ይነካብኛል?»

«ከፈለገ ሁሉንም ያጠፋዋል።»

«ማጥፋቱስ ይሁን፤ ቤት እንዳይመታ አበላሽቶ በመምህሬ ስም ቢተወውስ!»

መድኃኒቱን አውቀው ነበር። ከራሱ ዲስክ በቀር ከሌላ እንዳይነሣ አደረግሁት፤ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳያስነሣ የሚከለክለውንም መቆጣጠሪያ አበራሁት። የቀረው ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ የይለፍ ቃል ነበር። እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ ሰበካ ጉባኤ ተመራ።

ሊቀ መንበሩ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከቢሮ ያልወጡ ሰው ናቸው።

«የዕቃ ቤታችን በር ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም በሦስት ሰው እጅ ነው። ይህስ ለምን በአንድ ሰው ይያዛል?»

«ኮምፒውተር እኮ እንደ በር...»

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ! ልጅቱ እንድትናገር አልተፈቀደላትም።»

ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ለሦስት ተከፈለ፤ ለአባቴ፣ ለቄሰ ገበዙና ለራሳቸው ለሊቀ መንበሩ። ቄሰ ገበዙ ድርሻቸውን በግዕዝ ፊደል ካልጻፍሁ አሉ።

«አባ፣ ገና ሲነሣ የእኛን ፊደል አያውቅም። ቁጥር ይስጡት።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ከመምህር ጋር ውሎ? ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አንዱ ሲጽፉ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። እንግዳ ቢገባ ጸሎት ላይ ናቸው ብሎ ኮፍያውን ያወልቃል። ላፕቶፑ እምቢ ሲል ማን እንደተሳሳተ ስለማይታወቅ እያንዳንዳቸው ሌሎቹን ይቅር ይላሉ። እኔ ደግሞ ፍላሽ ሌባ ነው እያልሁ ስሰብክ ሰነበትሁ፤ እንደዚያ የሰመረ ስብከት በደብራችን ተሰምቶ አያውቅም።

ከጥምቀት በኋላ ቅኔዎቹን በመጽሐፍ ሊያትም ተራ የያዘልን የማተሚያ ቤት ልጅ ለአባቴ ደወለ። «መምህር፣ ዛሬ ካላመጡ ተራዎን ለሠርግ መጥሪያ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

ላፕቶፑ ተዘግቷል። ቄሰ ገበዙ ደግሞ ስልካቸውን አጥፍተው ለሱባኤ ደሴቱ ላይ ወዳለው ገዳም ተሻግረዋል።

«ሰው ልከን ቁጥሩን እንጠይቃቸው» አልሁ።

«ምስጢሩ ከአፋቸው ከወጣማ ውሳኔው ተሻረ!» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ላፕቶፑ ይሂድ።»

ላፕቶፑ በጋቢ ተጠቅልሎ በሞተር ጀልባ ሄደ። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ባለሙያዋ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ብዙ ቆይተው አባቴና ሊቀ መንበሩ በጫካው መንገድ ብቅ አሉ። ቄሰ ገበዙ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ድርሻቸውን ጽፈዋል። አባቴ ላፕቶፑ እንዳይጠፋባቸው ሳይከድኑት፣ ነፋስ እንደሚከልሉለት ጧፍ በእጃቸው ጋርደው ይዘውታል።

ባትሪው ግን ድሮም ደካማ ነው። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ቀይ አሳየ።

«አባዬ፣ ሳይጠፋ ፍላሽ ላይ እንገልብጠው።»

«ፍላሽ? ሌባ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ያ ሲነሣ ነው። አሁን ነቅቷል፤ ፍላሹም የእኔ ነው።»

«ሌባ ቀን ቀን ጨዋ ነው ትይኛለሽ?»

«አዲስ ነጥብ ስለሆነ» አሉ ሊቀ መንበሩ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጠው፣ «ስብሰባ ተጠርቶ...»

ማዕበሉ ረጨን። አባቴ ስክሪኑን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ገልብጪው!»

ፍላሹን ነቅዬ መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጠው ላፕቶፑ ድርግም አለ። «ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ለሐይቁ።

ማተሚያ ቤት ስንደርስ ልጁ እጁን ዘረጋ። አባቴ ጭብጣቸውን አልፈቱም።

«ይህ ኮምፒውተርህ ሲነሣ ከማን ነው የሚነሣ?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ማለታቸው ነው?»

«ፍላሽ ቢሰካበት ከፍላሹ ይነሣል ወይ ነው የሚሉህ።»

«እኔ እንጃ፤ ስጫነው ይነሣል።»

«በል ተነሥ» አሉት አባቴ። «እሷ ትቀመጥ።»

እንደዚያ ቀን ወንበር ተመችቶኝ አያውቅም። አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ከዲስኩ በቀር ከሌላ እንዳይነሣ አድርጌ፣ የይለፍ ቃሉንም ልጁ ራሱ እንዲሰጠው አደረግሁ። ያን ጊዜ አባቴ መዳፋቸውን ከፈቱ። ፍላሹ በላብ ርሷል። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉትና ለልጁ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ።