ልቀቂ ሳልልሽ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ እኔ መሪውን ይዤ ተቀምጬ መካኒኩ ከመኪናዬ ሥር ሲሠራ የግራሶው ሽታ ቴፒ ወዳለው የአባቴ ጋራዥ መለሰኝ።

እናቴ በማለዳው አውቶቡስ ጥላን የሄደች ዕለት ነው። አባቴ ሁለት ወንበር ብቻ ያላትን የደንበኛ አሮጌ የስፖርት መኪና የመሪ ዘንግ ያስተካክል ነበር። እኔን ከመሪው ፊት አስቀምጦ እግሬ ሥር ተጋደመ።

«መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፤ ልቀቂ ሳልልሽ እንዳትለቂ።»

ብሎኑን አጠበቀ። ከዚያ የመፍቻው ድምፅ ቆመ፤ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ቀረ። እጄ ዛለ።

«አባዬ፣ ልልቀቅ?»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆይልኝ» አለኝ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በተዘጋ ድምፅ።

መሪውን መስሎኝ ነበር።

«እህቴ፣ ጨርሻለሁ» ይለኛል መካኒኩ። እኔ ግን መሪውን እንደያዝኩ ነኝ። አባቴ ልቀቂ አላለኝም።