የተቀደደው ጆንያ

ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ወጣቶች ገለባ የሞሉትን ጆንያ ሰቅለው በቡጢ ይነርቱታል። ትናንት በዚያ ሳልፍ የገብስ ገለባው አቧራ አፍንጫዬን ሞላውና አባቴ የሰቀለልኝ ጆንያ ትዝ አለኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ ቦክስ የተማረው ወታደር ሳለ ነበር፤ እኔንም ጧት ጧት ያለማምደኛል። አንድ ዓመት ለፋሲካ የአክስቴ ልጅ መድኃኔ ከስማዳ መጣ። ቦክስ የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅ። አባቴ "እስቲ አንተም ሞክር" አለው። አንዴ ቢመታው ጆንያው ተቀዶ ገለባው እግራችን ላይ ፈሰሰ።

አባቴ እየሳቀ ትከሻውን ዳበሰው። የኔን ትከሻ ዳብሶት አያውቅም።

"ማን አስተማረው?" አልኩ።

"ይህስ ትምህርት አይደለም፤ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣ ነው" አለ አባቴ።

እናቴ ከጓዳ ሰማችው። "የኔን ሆድ ከእህቴ ሆድ ምን ለየው? አባቱ ከሞተ ወዲህ የማሳውን ጓል የሚከሰክሰው እሱ ነው። ክንዱን ያጠነከረው ጓሉ ነው" አለች።

በዓሉ እንዳለፈ ማሳ ወርጄ፣ መዳፌ እስኪላጥ ጓል ስከሰክስ ዋልኩ። ጆንያው ግን በኔ ቡጢ አንድም ቀን አልተቀደደም።

"አባባ፣ እስቲ ይሞክሩት" አሉኝ ትናንት ወጣቶቹ። ባለኝ ኃይል ሰነዘርኩ። ጆንያው ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ፤ ልጆቹ ሳቁ። መድኃኔ ከሞተ ስንት ዓመቱ! እኔ ግን ዞር ያልኩት፣ ከኋላዬ ቆሞ እንዳላየኝ ለማረጋገጥ ነበር።