ከራጁ በኋላ የተቀዳ ደም

ከምጽፈው አንዳንዱን አሳስቼ ይሆናል። ወሩ ነሐሴ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀኑን ግን አልምልበትም። ዕረፍት የሚነሳኝ ቀኑ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው። በእርግጥ ተጠይቄ ነበር? ወይስ ማንም ያልጠየቀኝን ከሃያ ዓመት በላይ ለራሴ ስመልስ ኖርሁ?

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና ሰፈር ካለ ክሊኒክ ሲቲ ስካን ልነሳ ገብቼ ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ምስሉን የሚያጎላውን መድኃኒት ከመውጋቱ በፊት ቅጽ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ኩላሊትዎን ታመው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ግን ያለኝ አንድ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሌላኛውስ?»

«ወንድሜ ጋ ነው።»

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ጌታሁን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው፣ ደሙ በማሽን እየታጠበ ይኖር ነበር። ከቤተሰባችን ኩላሊት ለእሱ የሚስማማው የእኔ ብቻ ነበር። ውጭ አገር ሄደን አንዱን ኩላሊቴን ከመስጠቴ በፊት ጤነኛነቴ በደም ምርመራና መድኃኒት ተወግቶ በሚነሳ ራጅ መረጋገጥ ነበረበት። ሐኪሙ «ደምህን አስቀድመህ ስጥ፤ የራጁ መድኃኒት ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል» ብሎኝ ነበር። ቅዳሜ ለራጁ ተራ ሳገኝ ግን እሱን አስቀደምሁ። መድኃኒቱ በደም ሥሬ ሲገባ ከጉሮሮዬ እስከ እግሬ ጣት ሞቀኝ፤ አፌን ብረት ብረት አለኝ። ስወጣ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ጋጥሁ፤ ታክሲው ቆሼን አልፎ ሰፈሬ ዓለም ባንክ እስኪያደርሰኝ ድረስ ያ ጣዕም አልለቀቀኝም።

መቀመጥ አቃተኝ። መጽሐፍ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል በጭቃው እስከ አየር ጤና ሄጄ ያለ ጉዳይ እመለሳለሁ። ፈርቼ ነበር። ይህቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ይህን ሁሉ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሰኞ ደም ልሰጥ ላቦራቶሪ ገባሁ። ደም የምትቀዳው ሴት ክንዴን እያሰረች፣ «ሰሞኑን መድኃኒት ተወግተህ ራጅ ተነስተሃል?» አለችኝ። «አልተነሳሁም» አልኋት። እንዲህ ነው የማስታውሰው።

የኩላሊትን ሥራ የሚጠቁመው ክሬቲኒን ከልኩ አልፎ መጣ። እናቴ ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን አነበበች፤ «ሁለታችሁም?» አለች። እኔን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ።

ወንድሜ ውሃ ተለክቶ ስለሚሰጠው ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰ ተኝቶ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ኩላሊትህም እንደ አንተ ፈሪ ነው እንዴ?»

«ምን ላድርግ፣ ወንድም ጋሼ? ውጤቱ ነው።»

«ራጁን መቼ ተነሳህ?»

«ቅዳሜ።»

«ደሙንስ?»

«ሰኞ።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ትራሱ ሥር ከተተው። «በል ውሃ ጠጣ፤ የእኔንም ድርሻ ጠጣልኝ። ከዐሥር ቀን በኋላ ከፈለግህ ትደግመዋለህ። ካልፈለግህ ደግሞ ውጤትህ ይኸው ነው፤ እማዬም አምናዋለች።»

ያን ዐሥር ቀን ከቤት ቤት፣ ከመንገድ መንገድ ዞርሁ። አልተቆጣኝም፤ አለመቆጣቱ ነበር መቀመጫ የነሳኝ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ሄጄ ክንዴን ዘረጋሁ። ክሬቲኒኑ ወደ ልኩ ተመልሶ ነበር። የመጀመሪያውን ቁጥር ከፍ ያደረገው መድኃኒቱ ይሁን፣ ወይስ ለራጁ ስል ውሃ ሳልጠጣ መዋሌ፣ ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። የሲቲ ስካኑ ወጣት ባለሙያም ስጠይቀው ያለኝ «በአንዳንድ ሰው ላይ ለጥቂት ቀናት ከፍ ይላል» ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሲቲ ስካኑ በቀጥታ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። የተቀዳልኝን ሻይ ሳልነካ፣ ያቺ ደም የቀዳችኝ ሴት ስለ ራጁ በእርግጥ ጠይቃኝ እንደሆነ እንደማላውቅ ነገርሁት። ተነስቶ የሕክምና ወረቀቶቹን የሚያኖርበትን ካርቶን አወረደ። የመጀመሪያው ውጤት ቢጫ ሆኖ፣ እንደዚያው አራት ቦታ እንደታጠፈ ወጣ። ዘረጋሁት። ከክሬቲኒኑ ቁጥር ከፍ ብሎ በእስክሪብቶ «በመድኃኒት የሚነሳ ራጅ፦ አልተነሳም» ተብሎ ተጽፏል።

ተጠይቄ ነበር። እሱም ያን ዕለት አንብቦታል።